ከጭነቱ ይልቅ የጭነቱ ቦታ

አንባቢዎች ሆይ፤ ከደባርቅ ተነሥቶ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ድብ ባሕር የወረደ ሰው ሚዛን ምን እንደ ሆነ መጽሐፍ ሳይገልጥ ያውቀዋል። ቍልቍለቱ ሲጀምር መንገደኛው ሁሉ ሳይታወቀው ወደ ኋላ ይለጠጣል፤ ከመቀመጫው ሥር ያለው ጀሪካን ደግሞ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ጣልያን በወረራው ዘመን የመኪናውን መንገድ ከመጥረጉ በፊት፥ ከጎንደር ወደ ምጽዋ የሚወርደውና ከምጽዋ ወደ ጎንደር የሚወጣው የሲራራ ነጋዴ ጭነት በዚሁ ገደል አፋፍ በበቅሎና በአህያ ጀርባ ያልፍ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እንኳ በ1762 ዓ.ም. ወደ ጎንደር ሲመጣ ከባዱን የኮከብ መለኪያ መሣሪያውን አስይዞ የወጣው በዚሁ በሊማሊሞ ነው።

እንዲህ ባለ መንገድ ጭነት ሁለት ዓይነት በደል ያደርሳል። አንደኛው ወደ ጐን ማጋደሉ ነው፤ ይህን ማንም ያየዋል። ሁለተኛው ወደ ፊትና ወደ ኋላ መሄዱ ነው፤ በቍልቍለት ወደ አንገት፥ በዳገት ወደ ታፋ። ሰነፍ ጫኝ ጭነቱ ሲያጋድልበት ቀለል ባለው ወገን ድንጋይ ይጨምራል፤ በቅሎይቱም ለማንም የማይጠቅም ድንጋይ ተሸክማ እስከ ማደሪያዋ ትሄዳለች። ዐዋቂው ጫኝ ግን መጫኛውን ይፈታና ያንኑ ጭነት ጥቂት ስቦ መልሶ ያስረዋል። አንዲት ፍሬ እህል አልጨመረም፤ አንዲትም አልቀነሰም።

ዛሬ በዚህ ዐምድ ልጽፍላችሁ ያሰብሁት ግን ስለ በቅሎ ሳይሆን በራዲዮ ስለሚመራ ትንሽ አይሮፕላን ነው። ነገሩ አንድ ነው፤ የአይሮፕላኑ ጭነት ባትሪው ነውና።

ከተማሪዎቻችን መካከል ከቴሌቪዥን ማሸጊያ በሚወጣው ነጭ ፎም ክንፍ ቈርጠው፥ በቀርከሃ ስንጣሪ አጠናክረው፥ ከተሰበረ መጫወቻ ሞተር አውጥተው አይሮፕላን የሚሠሩ አሉ። እንደ እውነቱ ከሆነ የእጃቸው ሥራ ያስደንቃል። ችግሩ የሚመጣው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። አይሮፕላኑ ሲወረወር አፍንጫውን ወደ ሰማይ ይሰቅላል፤ አንድ አፍታ በአየር ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከዚያም በአንድ ክንፉ ተገልብጦ መሬት ይመታል። የሁለት ወር ድካም በሦስት ሰኮንድ የፎም ፍርፋሪ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ከተመልካቹ የሚሰማው ፍርድ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ሞተሩ ዐቅም የለውም!» ይባላል። ከሞተሩ ሌላ የሚወቀስ ከተገኘም ነፋሱ ነው። ባትሪው ግን ምንም እንዳላጠፋ ሰው ከፍርስራሹ መካከል ይወጣል፤ የት ተቀምጦ እንደ ነበር የሚጠይቀው የለም። ጠያቂ ቢገኝ ኖሮ መልሱ «ሰፊ ቦታ ያገኘነው ከክንፉ በስተኋላ ስለ ሆነ እዚያ አደረግነው» የሚል ነበር።

ወደ ምክንያቱ እንግባ። የቢሮ ሠራተኞች የሆናችሁ፥ በጠረጴዛችሁ ላይ ያለውን የ30 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ አንሡና በጣታችሁ ላይ አስተኙት፤ ጣታችሁ 15 ላይ ሲደርስ ማስመሪያው ረግቶ ይቀመጣል። ይህ ነጥብ የክብደት ማዕከል ይባላል። አሁን አንድ ላጲስ በመካከሉ ላይ አድርጉና ወደ አንዱ ጫፍ ግፉት፤ ማስመሪያው እንዳይወድቅ ጣታችሁ ላጲሱን መከተል ግድ ይሆንበታል። ላጲሱና ማስመሪያው እኩል የሚመዝኑ ቢሆኑ፥ ላጲሱ 10 ሳንቲ ሜትር ሲሄድ ማዕከሉ 5 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል፤ ላጲሱ የጠቅላላው ክብደት ግማሽ ነውና። የጠቅላላው አንድ አምስተኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማዕከሉ የሚሄደው የላጲሱን መንገድ አንድ አምስተኛ ነበር። ከዚህ የበለጠ ሒሳብ ዛሬ አያስፈልገንም። (አለቃችሁ በድንገት ቢገባ ምን እያደረጋችሁ እንደ ሆነ ማስረዳቱ የእናንተ ፋንታ ነው።)

አይሮፕላን በአየር ላይ የሚንጠለጠለው በክንፉ ነው። የክንፉ የማንሣት ኃይል ተጠቃሎ ሲታይ የሚያርፈው ከክንፉ የፊት ጠርዝ ጀምሮ የወርዱ ሩብ አካባቢ ነው። ስለዚህ ጅራቱ ከኋላ ለሆነ፥ የተለመደ ቅርጽ ላለው ሞዴል፥ የክብደቱ ማዕከል ከፊት ጠርዙ ተለክቶ በወርዱ ሩብና ሲሶ መካከል እንዲውል ይደረጋል። ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል የሆነ 20 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ክንፍ ቢሆን፥ ከፊት ጠርዙ 5 ሳንቲ ሜትር ላይ አንድ መሥመር፥ 6 ሳንቲ ሜትር ከ6 ሚሊ ሜትር ላይ ሌላ መሥመር ታሰምራላችሁ ማለት ነው። በሁለቱ መሥመሮች መካከል ያለው ስፋት ከአንድ ጣት ብዙም አይበልጥም፤ የአይሮፕላኑ ሕይወትና ሞት ግን በዚያች ጣት ውስጥ ነው።

ጦር የወረወረ ሰው ምክንያቱን ለመረዳት አይቸግረውም። ከባዱ ጫፍ ሲቀድም ጦሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ገልብጦ የወረወረው እንደ ሆነ ግን በአየር ላይ ይዞርበታል። አይሮፕላንም እንዲሁ ነው። ክብደቱ በተባለው ቦታ ሲሆን፥ ነፋስ ገፍቶ አፍንጫውን ቢያነሣው ጅራቱ መልሶ ያወርደዋል፤ የሚመራው ሰው እጁን ባያንቀሳቅስ እንኳ ነገሩ ይስተካከላል። ከልክ በላይ ወደ ፊት ቢከብድ ደንዳና ይሆናል፤ አፍንጫውን ለማንሣት ይቸገራል፤ ሲያርፍም ፍጥነት ያበዛል። ይህ ጥፋት ቢሆንም ምሕረት ያለው ጥፋት ነው። ወደ ኋላ የከበደው ግን ምሕረት የለውም። አፍንጫው ጥቂት ሲነሣ አብልጦ ይነሣል፤ ጥቂት ሲወርድም አብልጦ ይወርዳል፤ ጀማሪው ያንዱን ስሕተት ሳያርም ሁለተኛው ይደርስበታል። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ብትባሉ ወደ ፊት የከበደውን ምረጡ።

ታዲያ ይህን ለማስተካከል ከዕቃዎቹ ሁሉ ባትሪው ለምን ተመረጠ? ሞተሩ ከአፍንጫው አይለይም። ክንፉና ጅራቱ ቦታቸውን አይለቁም። መሪዎቹን የሚያንቀሳቅሱት ሰርቮ የሚባሉ ትንንሽ ሞተሮች ክብደታቸው ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ባትሪው ግን ብዙውን ጊዜ ከዕቃዎቹ ሁሉ ከባዱ ነው፤ ሽቦው እስከ ደረሰለት ድረስም በፈለጋችሁት ስፍራ ይቀመጣል። ባለ ሦስት ሴል፥ 11.1 ቮልት፥ 2,200 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሆነ የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ 180 ግራም ያህል ይመዝናል። ጠቅላላ ክብደቱ 900 ግራም የሆነ አይሮፕላን ቢኖራችሁ ባትሪው ከዚያ አንድ አምስተኛው ነው። በጣታችሁ ስትለኩት ማዕከሉ ከሚገባው ቦታ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ወደ ኋላ ሆኖ አገኛችሁት እንበል። አንድ ተኩል አምስት ጊዜ ሰባት ተኩል ነው። ባትሪውን 7 ሳንቲ ሜትር ተኩል ወደ ፊት ትገፉታላችሁ፤ አለቀ።

እንደ ሰነፉ ጫኝ በአፍንጫው ላይ የእርሳስ ማዕድን ብትለጥፉስ? አፍንጫው ከሚፈለገው ማዕከል 25 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ 54 ግራም ያስፈልጋችኋል። 54 ግራም ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ለማብረርም ለመምራትም የማይረዳ ሸክም ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ ዋጋው ይብሳል። ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። በ2,000 ሜትር ላይ አየሩ በምጽዋ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ በደባርቅ ሩብ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር ደካማ ትከሻ ነው፤ ያንኑ ክብደት እንዲሸከም ክንፉ በጎንደር አንድ አሥረኛ ያህል፥ በደባርቅ ከዚያም በላይ መፍጠን ይኖርበታል። የሚፈጥን አይሮፕላን ሲያርፍም ሆነ ሲወድቅ የሚመታው በዚያው ልክ ነው። የሚዛኑ ቦታ በምጽዋም በደባርቅም ያው ነው፤ የትርፍ ግራም ዕዳ ግን ከዳገቱ ጋር ይወጣል።

በዚህ ረገድ ጅራቱን በሦስት ቀለም ማስዋብ ለምትወዱ ወጣቶች አንድ ቃል ልናገር። ጅራቱ ከማዕከሉ 60 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፥ በጅራቱ ላይ የፈሰሰች አንዲት ግራም ቀለም ወይም ሙጫ በፊት በኩል በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሦስት ግራም ታስከፍላችኋለች። ሰንደቅ ዓላማውን በክንፉ መካከል ሣሉት፤ እዚያም ያምራል።

የራሱን ሰውነት እንደ ባትሪ ያደረገ ሰው በታሪክ አለ። ጀርመናዊው ኦቶ ሊሊየንታል ሞተር በሌለው ክንፍ ከኮረብታ ላይ እየተንደረደረ ከሁለት ሺህ ጊዜ በላይ በርሯል። በክንፉ ሥር ተንጠልጥሎ እግሩን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ እየወረወረ ሚዛኑን ይጠብቅ ነበር። በነሐሴ 1888 ዓ.ም.፥ እኛ በዐድዋ ድል ካደረግን ከጥቂት ወራት በኋላ፥ አፍንጫው በነፋስ ተነሥቶ ክንፉ በአየር ላይ ቀጥ አለበት። ሰውነቱን ወደ ፊት ቢወረውርም አልደረሰለትም፤ ወድቆ በማግሥቱ ሞተ።

በአገራችንም አይሮፕላን ተሠርቶ በርሯል። ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር በአቃቂ የሠራት «ፀሐይ» የተባለችው አይሮፕላን በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በረረች፤ ጣልያን ማርኮ ወሰዳት፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች። እንዲህ ያለች ነዳጅ የምትጠጣ አይሮፕላን የምታስቸግረው ጭነቷ በበረራ ላይ እያለች ስለሚጐድል ነው፤ ነዳጁ ሲያልቅ ሚዛኑ እንዳይዛባ ጋኑ ወደ ክብደቱ ማዕከል ይጠጋል። ባትሪ ግን ሲራብ አይከሳም። ሞልቶ የመዘነውን ባዶውንም ይመዝናል። እንግሊዛዊው ኮሎኔል ታፕሊን በሰኔ 1949 ዓ.ም. «ራዲዮ ኩዊን» የተባለችውን ሞዴል በኤሌክትሪክ ሞተርና በብርና ዚንክ ባትሪ አብርሮ፥ በራዲዮ ለሚመሩት የኤሌክትሪክ አይሮፕላኖች በር ከፈተ። ዛሬ ተማሪው በኪሱ የሚይዘው የሊቲየም ባትሪ በዚያን ጊዜ አልነበረም።

ሰው የሚሳፈርበት ትልቁ አይሮፕላንም ከዚህ ሕግ ነጻ አይደለም። በአዘዞ በሚገኘው በዐፄ ቴዎድሮስ አይሮፕላን ማረፊያ የተሳፈራችሁ እንደ ሆነ፥ ከመነሣታችሁ በፊት የሰውና የሻንጣው ክብደት በየስፍራው ተደምሮ ማዕከሉ የት እንደ ዋለ በወረቀት ይሰላል። መቀመጫው ባዶ እያለ አስተናጋጇ ወደ ሌላ ረድፍ እንድትዛወሩ ብትለምናችሁ ስለ ንቀት እንዳትቈጥሩት፤ በዚያን ሰዓት ባትሪው እናንተ ናችሁ። በታኅሣሥ 30 ቀን 1995 ዓ.ም. በአሜሪካ በሻርሎት ከተማ አንድ ቢችክራፍት 1900 አይሮፕላን ከመሬት እንደ ተነሣ አፍንጫውን ሰቅሎ ወደቀና በውስጡ የነበሩት 21 ሰዎች በሙሉ አለቁ። መርማሪዎቹ ሁለት ጥፋት ተገናኝቶ አገኙ። የጅራቱ መሪ ገመድ በጥገና ጊዜ ተዛብቶ ነበር፤ አይሮፕላኑም ከልክ በላይ ተጭኖ ክብደቱ ወደ ኋላ አልፎ ነበር። ይህ ሁለተኛው ያልታወቀው የተሳፋሪው ክብደት በሚዛን ሳይሆን በቈየ ግምት ይሞላ ስለ ነበረ ነው። ሰዉ ከግምቱ ይልቅ ወፍሮ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን አገር ልመለስና ሳልናገር የማላልፈውን ልናገር። በ2013 ዓ.ም. የጀመረው ጦርነት በዚያው ዓመት ማብቂያ በድብ ባሕር መንገድ እስከ ደባርቅና ደባት ወረዳዎች ደርሶ ነበር። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ከሰማይ የሚሰማ የሞተር ድምፅ ለሕፃናት እንኳ ጨዋታ መስሎ አይታይም፤ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ቤት ይጠራሉ። እንደ ድሮን ያለ ከርቀት የሚመራ በራሪ ዕቃ ያለ ፈቃድ ከውጭ ማስገባትም ሆነ ማብረር በአገራችን አይፈቀድም። ፈቃድ እስክታገኙ፥ ሰዉም እስኪያውቃችሁ ድረስ፥ ሞተሩ በሣጥኑ ይቈይ። ሚዛንን ለመማር ሞተርም ራዲዮም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አንድ የባትሪ ድንጋይ ብቻ ነው፤ ለግድግዳ ሰዓት የምትገባው ትንሿ። ያለቀባት ብትሆን ግድ የለም፤ ፈሳሽ የምታንጠባጥበዋን ግን አትንኩ።

ከፎም 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 12 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ክንፍ ቍረጡ። ገላው ቀጥ ያለ የ50 ሳንቲ ሜትር የቀርከሃ ስንጣሪ ይሁን፤ ጅራቱ በስንጣሪው ጫፍ ላይ የሚጣበቅ ቀጭን ፎም ነው፤ አንዱ የተኛ፥ አንዱ የቆመ። ክንፉን ከአፍንጫው 14 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቃችሁ በላስቲክ እሰሩት፤ ከፊት ጠርዙ ሥርም የክብሪት እንጨት ውፍረት ያላት ስንጣሪ አስገቡበት፤ ክንፉ ጥቂት ቀና እንዲል ነው። ከክንፉ በታች በ3 እና በ4 ሳንቲ ሜትር ላይ ሁለቱን መሥመሮች አስምሩ። ከዚያ በኋላ የባትሪዋን ድንጋይ ከአፍንጫው አጠገብ በላስቲክ እሰሯት፤ እንድትንሸራተት ሆና እንጂ በሙጫ አይደለም። አይሮፕላኗ ያለ ባትሪዋ 40 ግራም፥ ባትሪዋ 20 ግራም ቢመዝኑ፥ ባትሪዋን 3 ሳንቲ ሜትር ስትገፏት ማዕከሉ 1 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። ሁለት ጣቶቻችሁን ከሁለቱ ክንፎች በታች በመሥመሮቹ መካከል አድርጉና አንሡት፤ ገላው አግድም እስኪረጋ ድረስ ባትሪዋን ወዲህና ወዲያ በሉ።

ውርወራው በማለዳ፥ ነፋስ ሳይነሣ፥ ሣር ባለበት ሜዳ ይሁን። እባካችሁ በገደል አፋፍ ቆማችሁ አትወርውሩ። የሊማሊሞ አፋፍ ለመወርወር ያጓጓል፤ አይሮፕላኗን ተከትሎ የሚሮጥ ሕፃን ግን ዓይኑ ወደ ሰማይ እንጂ ወደ እግሩ አያይም። በትከሻችሁ ከፍታ ያዟትና አፍንጫዋን ጥቂት ዝቅ አድርጋችሁ ለስለስ ባለ ግፊት ልቀቋት። ወዲያው ወደ መሬት ብትጠልቅ ባትሪዋን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ መልሱ። ተነሥታ፥ ቆማ፥ ወድቃ፥ ደግሞ ተነሥታ እንደ ማዕበል ብትሄድ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ግፏት። በአንድ ጊዜ ከዚህ በላይ አታንቀሳቅሱ፤ በአንድ ጊዜም ሁለት ነገር አትለውጡ፤ የትኛው እንደ ረዳችሁ አታውቁምና። ጥቂት ጊዜ ከወረወራችሁ በኋላ ሳትናወጥ ተንሸራታ የምታርፍበት ቦታ ይገኛል። ያን ጊዜ ባትሪዋን ሁለት ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ውሰዷትና ሆን ብላችሁ አንድ ጊዜ ወርውሩ። ከላይ የጻፍሁትን ሁሉ ያቺ አንዲት ውርወራ ታሳያችኋለች፤ የሚሰበረውም የሁለት ወር ሥራ ሳይሆን የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ፈቃዱም ሞተሩም የተገኘ ዕለት ሥራው የሚጀመረው ከባትሪው ቤት ነው። የገላው ፎም ከመጣበቁ በፊት ባትሪው ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄድበት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ተዉለት። በምስማር አትምቱት፤ የተበሳ የሊቲየም ባትሪ በእሳት ይነሣል። በሚላቀቅ ቬልክሮና በጠባብ ጠፍር እሰሩት፤ በአየር ላይ ወደ ኋላ የተንሸራተተ ባትሪ በስፍራው ያልነበረ ያህል ነውና። ሚዛኑ የተገኘበትን ቦታ በእስክሪብቶ ክበቡት። ሌላ ባትሪ የገዛችሁ እንደ ሆነ ግን ክቡን አትመኑት፤ ከፊተኛው 30 ግራም ቢቀልል ወይም ቢከብድ ቦታው ይለወጣል። ከመነሣታችሁ በፊት ሁለቱን ጣቶቻችሁን እንደ ገና ከክንፉ በታች አድርጉ።